የኖን ካፌዋ ደብተር

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሙያ ማጎልበቻ ማዕከል ውስጥ ተመራቂ ተማሪዎችን የማማከር ሥራ እሠራለሁ። ወደ ጠረጴዛዬ ከሚመጡት ሲቪዎች አብዛኞቹ ስምና የትምህርት ክፍል ቢሸፈንባቸው የማን እንደሆኑ ለመለየት ያስቸግራሉ። «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የሚችል፣ የሥራ ጫናን የሚቋቋም፣ ጥሩ የተግባቦት ክህሎት ያለው» የሚለው ዐረፍተ ነገር በባዮሎጂም በአካውንቲንግም ተማሪ ሲቪ ላይ ቃል በቃል ይገኛል። ናሙናው ከዶርም ወደ ዶርም በቴሌግራም ሲተላለፍ የኖረ ስለሆነ፣ አንዳንዴ የቀድሞው ባለቤት ስልክ ቁጥር እንኳ ሳይነሣ ይደርሰኛል።

የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ላይ ተግባራዊ ከሆነ ወዲህ፣ ተማሪው በመጨረሻው ሴሚስተር ሐሳቡ ሁሉ 50 በመቶዋን ማለፊያ በማግኘት ላይ ስለሚሆን፣ ወደ እኛ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ጋውን ሊለብስ ሲቃረብ ነው። የማወራላችሁ ተማሪም የመጣችው በዚያው ሰሞን ነበር።

«የሥራ ልምድ የለኝም፣ መምህር። ትምህርት ክፍሌም ባዮሎጂ ነው» አለችኝ። ሁለተኛውን ነገር የተናገረችው ጥፋት እንደሚናዘዝ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር።

በእንዲህ ያለ ጊዜ «ምን ክህሎት አለሽ?» ብሎ መጠየቅ ያንኑ የቴሌግራም ዐረፍተ ነገር መልሶ ከመስማት በቀር የሚያስገኘው ነገር የለም። ስለዚህ ኑሮዋን ጠየቅኋት፤ ካፌ ናት ወይስ ኖን ካፌ? ግቢ ላልኖረ አንባቢ፣ ኖን ካፌ የሚባለው በተማሪዎች ምግብ ቤት መመገቡን ትቶ የምግቡን ገንዘብ በየወሩ በእጁ የሚቀበልና አብዛኛውን ጊዜ ከግቢው በር ውጭ ካለ ምግብ ቤት ጋር ኮንትራት ይዞ የሚበላ ተማሪ ነው። እሷም ከሰባት ጓደኞቿ ጋር እንዲሁ ትበላ እንደነበር፣ ሒሳቡንም የምትይዘው እሷ እንደነበረች እግረ መንገዷን ነገረችኝ። ደብተሩን እንድታሳየኝ ለመንኋት።

በማግስቱ ይዛው የመጣችው ሽፋኑ የተገነጠለ ባለ መስመር ደብተር ነበር። እያንዳንዱ ገጽ በማስመሪያ ለአራት ተከፍሎ የስምንቱ ልጆች ስም በመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ ተጽፏል፤ የተከፈለው በሰማያዊ፣ ቀሪው በቀይ እስክሪብቶ ነው። በአንዱ ገጽ ጠርዝ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት «ከቤት እስኪላክላት እኔና ሐ. ሸፍነናል» የሚል ማስታወሻ አየሁ። ከስሞቹ ጎን ደግሞ ሠንጠረዡ ውስጥ ለብቻዋ የቆመች አንዲት ዓምድ ነበረች፤ «ጾም/ፍስክ» ትላለች።

የዚያች ዓምድ ታሪክ ይህ ነው። በአንድ ወር አጋማሽ የዘይት ዋጋ ሲያሻቅብ የምግብ ቤቷ ባለቤት የኮንትራቱን ዋጋ እንደምትጨምር አስታወቀች። ልጆቹ ግማሾቹ ሌላ ቤት እንፈልግ፣ ግማሾቹ ወደ ካፌ እንመለስ ሲሉ፣ ይህች ተማሪ ደብተሯን ይዛ ወደ ሴትዮዋ ሄደች። ከስምንቱ ስድስቱ ጾመኞች በመሆናቸው ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴ ሲገባም 55ቱን ቀን በሙሉ ሽሮና ምስር እየበሉ የሚከፍሉት ግን የሥጋ ቀን ዋጋ እንደሆነ በቁጥር አሳየቻት። ሁለቱ ሙስሊም ልጆች ደግሞ የዚያን ቤት ሥጋ ጭራሹኑ ስለማይበሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ላልበሉት ይከፍሉ ነበር። «በፍስኩ ቀን የጨመርሽውን እንከፍላለን፤ የጾሙ ዋጋ ግን ለብቻው ይሁንልን» አለቻት። በረመዳን የሁለቱ ምሳ ለአፍጥር ተቋጥሮ እንዲወሰድም ጠየቀች። የምግብ ቤቷ ባለቤት ክፍያው በወሩ መጀመሪያ ተጠቃሎ እንዲገባ በምላሹ አስገደደቻት፤ ያንን ደግሞ ተማሪዋ ለጓደኞቿ አስረድታ አስማማች።

ይህን ሁሉ ስትነግረኝ «ተነጋገርን፣ አሰላን፣ ተስማማን» እያለች ነበር። በየግሡ ላይ እያስቆምኋት «ማን ነው ያሰላው? ማን ሄዶ አነጋገራት?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አፍራ «እኔ» ትልና ወዲያው ወደ «እኛ» ትመለሳለች። ራሱን የሚያወድስ ሰው በማይወደድበት ቤት ያደገ ልጅ እንዲህ ቢሆን አይፈረድበትም፤ እኔም ጨዋነቷን ወድጄላታለሁ። ነገር ግን ቀጣሪው ፊት የሚቀመጠው «እኛ» ሳይሆን አንድ ሰው ስለሆነ፣ የራሷን ድርሻ ለይታ ማወቅ ነበረባት።

«መምህር፣ ይሄ እኮ የምግብ ጉዳይ ነው። ሲቪ ላይ ቢጻፍ አይሳቅብኝም?»

እንደማይሳቅባት የነገርኋት ለማጽናናት ብዬ አይደለም። የግዢ ክፍል ሠራተኛ ቀኑን የሚያውለው የፍጆታ መዝገብ በመያዝና መዝገቡን ይዞ ከአቅራቢ ጋር በመከራከር ነው። ሃይማኖታቸውም የኪሳቸው አቅምም የተለያየ ስምንት ሰዎችን በአንድ ውል ላይ አስማምቶ ማቆየት ደግሞ፣ በእኔ ግምት፣ ከሦስቱ ሁሉ ብርቁ ነው። ብዙ ባለ ዲግሪ አለቃ ሲያቅተው አይቻለሁ።

መጀመሪያ በአማርኛ እንድትጽፈው አደረግሁ፤ ተማሪዎች በቀጥታ በእንግሊዝኛ ሲጀምሩ እጃቸው ሳያስቡት ወደዚያው ወደ ናሙናው ቃላት ይሄዳልና። ከብዙ ስርዝ ድልዝ በኋላ የወጣው እንዲህ ይላል፦ «የ8 ተማሪዎችን የጋራ የምግብ ወጪ በየወሩ መዝግቤ ይዣለሁ። የዋጋ ጭማሪ ሲመጣ በፍጆታ መዝገብ ላይ ተመሥርቼ ከአቅራቢው ጋር በመደራደር የጾምና የፍስክ ዋጋ እንዲለይ፣ ክፍያውም በወሩ መጀመሪያ እንዲጠቃለል አስማምቻለሁ።» ከላዩ የክፍል ጓደኛዋ የመከራትን «የሎጂስቲክስ ማኔጀር» የሚል ማዕረግ ደርባበት ነበር፤ እሱን አስወጣነው።

ማዕረግ መደረብ በወንዶቹ ዘንድ ይብሳል። በቅርቡ አንድ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ በኢንተርንሺፕ ቆይታው «ፕሮጀክት ማኔጀር» እንደነበረ ጽፎ መጣ። ዋናው ሥራው ምን እንደነበር ስጠይቀው የቀን ሠራተኞችን ታይም ሺት መሙላትና ሲሚንቶ ከመጋዘን ሲወጣ መቁጠር ነበር። ማዕረጉን ሰርዞ ቆጠራውን እንዲተርክልኝ ስጠይቀው፣ ሲ-25 ለሚባለው የኮንክሪት ደረጃ በአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ፣ ማለትም ከ7 ከረጢት በላይ ሲሚንቶ እንደሚያስፈልግ ከትምህርቱ ያውቅ ስለነበር፣ የወጣው ከረጢትና የተሞላው ኮንክሪት እንዳልተመጣጠነ አስተውሎ ለፎርማኑ በጽሑፍ እንዳሳወቀ ነገረኝ። ይህን ሲቪው ውስጥ አላስገባውም ነበር! ያልሠራውን ማኔጀርነት ጽፎ፣ የትኛውም ቀጣሪ ጆሮውን የሚያቆምለትን ነገር ትቶት ነበር።

በግቢ ጉባኤ፣ በጀመዓ፣ በፌሎሺፕ የሚያገለግሉትም አገልግሎታቸው የእምነት ጉዳይ ነው ብለው ሳይጽፉት ይቀራሉ። እኔ የምመክራቸው እምነቱን ትተው ሥራውን እንዲጽፉ ነው፤ አዳራሽ ማን አስፈቀደ፣ መዋጮ ማን ሰበሰበ፣ ሒሳቡ ለማን ቀረበ?

አሁን የሚያስቸግረን የማመልከቻ ቅጹ ነው። በርካታ የሥራ ማስታወቂያዎች የሚጠይቁት ውጤትንና የሥራ ልምድ ዓመትን ብቻ ስለሆነ ደብተሩም ቆጠራውም የሚሰፍሩበት ቦታ አያገኙም። ለእንደነዚህ ዓይነቶቹ ማስታወቂያዎች ተማሪዎቻችን ልምዱን ከማመልከቻ ደብዳቤያቸው ሁለተኛ አንቀጽ ላይ፣ ከሦስት መስመር ሳይበልጥ፣ ከማስታወቂያው ላይ ከተጠየቀው አንድ ተግባር ጋር አያይዘው እንዲጽፉት እናደርጋለን። ቃለ መጠይቅ ላይ ማስረጃ ሊጠየቁ ስለሚችሉም የባዮሎጂዋ ተማሪ የደብተሩን ሁለት ገጽ ፎቶ አንሥታ በስልኳ ይዛለች፤ የጓደኞቿን ስም ግን ሸፍናዋለች።