ንድፍ የሚያልቀው መቼ ነው?

የሒሳብ ዓመታችን ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ሰሞኑን የዓመቱን ወጪና ገቢ እያጠቃለልኩ ነው። በዚህች ትንሽ የአርክቴክቸር ቢሮ ውስጥ እኔ አንድም መስመር አልስልም፤ ውል አዘጋጃለሁ፣ ክፍያ እጠይቃለሁ፣ ደመወዝ አደርሳለሁ፣ ግብር አሳውቃለሁ፣ የግንባታ ፈቃድ ጉዳዮችን እከታተላለሁ። ከሁሉም በላይ ጉልበቴን የጨረሰው ግን አንድ ንድፍ ማለቁን ሁሉም ወገን በፊርማው እንዲያረጋግጥ ማድረግ ነው።

ክፍያችን በምዕራፍ የተከፋፈለ ነው፤ ውሉ ሲፈረም፣ የመነሻ ንድፉ ሲጸድቅ፣ የስትራክቸር፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ (የውኃና የፍሳሽ መስመር) ሥዕሎች ከሥራ መጠን ዝርዝሩ ጋር ተሟልተው ሲቀርቡ፣ የቀረው ደግሞ ፈቃዱ ሲወጣ። ሥራው የሚንጓተተው የመነሻ ንድፉ ላይ ነው። ደንበኛው ፕላኑን ከቤተሰቡ ጋር ባየው ቁጥር አዲስ ሐሳብ ይመጣለታል፤ «ይቺን ደረጃ ብቻ ወደ ግራ አዙሩልኝ» ይላል። ደረጃው ሲዞር ምሰሶ ይነካል፤ ምሰሶ ሲነካ በውል የምናሠራቸው የስትራክቸር መሐንዲስ ስሌታቸውን እንደገና ይሠራሉ፣ ለዚህም ተጨማሪ ክፍያ ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም። የቢሮው ባለቤት የሆነችው አርክቴክትም በዚህ ከደንበኛው ብዙ አትለይም፤ የተሻለ መፍትሔ ከታያት ማንም ሳይጠይቃት ታሻሽላለች። ሥራዋን የማደንቅላት በዚሁ ነው፤ ሒሳቤን የሚያዛባብኝም ይኸው ነው።

ደመወዝ ግን ንድፍ እስኪጸድቅ አይጠብቅም (የማይጠይቀን ብቸኛው ወር ጳጉሜን ነው)። በየወሩ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከቢሮው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይከፈላል። ደረሰኝ ቀድመን ከቆረጥን ደግሞ ብሩ እጃችን ሳይገባ 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ መክፈል ይጠበቅብናል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የክፍያ መጠየቂያ ደብዳቤ እንልካለን። አንዳንድ ድርጅቶች «ያለ ደረሰኝ አንከፍልም» ሲሉ ክርክሩ ይጀመራል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የምንከፍለው የሶፍትዌር ኪራይም ሆነ የፕሎተሩ (የትልልቅ ሥዕሎች ማተሚያው) ቀለም ከዕቅዳችን አልፏል፤ የእኛ ዋጋ ግን ውሉ በተፈረመበት ቀን በብር እንደተቆረጠ ይቆያል።

ዘንድሮ የጠቀመን ነገር ቢኖር የአንድ ገጽ ማጽደቂያ ቅጽ ነው። የሥዕሎቹ ቁጥርና ቀን ይሰፍርበታል፣ ደንበኛው ይፈርምበታል፤ ከሁለት ዙር በላይ የሚመጣ ለውጥ በሰዓት እንደሚታሰብም ተጽፎበታል። በዘመድ በኩል የመጣ ደንበኛ ቅጹን ሲያይ «አታምኑኝም እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። እኔም ፊርማው ከእኛ ይልቅ እርሱን እንደሚጠብቀው አስረዳለሁ፤ ሳይት ላይ ያለው ኮንትራክተር የትኛው ሥዕል የመጨረሻው እንደሆነ ካላወቀ በአሮጌው ሕትመት ግድግዳ ሊያቆም ይችላል፣ የሚፈርሰውም በባለቤቱ ገንዘብ ነው። ይህን ሲሰሙ አብዛኞቹ ይፈርማሉ።

ግንባታው በሥዕሉ መሠረት መሠራቱን ሳይት ድረስ እየሄድን የምናይበት የክትትል ሥራ ክፍያ ግን አሁንም አልተቋጨም። እስካሁን በጥቅል ዋጋ ስንዋዋል ግንባታው በተጓተተ ቁጥር ኪሳራው የእኛ ይሆናል፤ ሲሚንቶ ሲጠፋ ሳይቱ ይቆማል፣ የእኛ ሰው መመላለሱ ግን አይቆምም። በመጪው ውል ክትትሉ በወር እንዲታሰብ አርቅቄያለሁ። አርክቴክቷ ደንበኛው ይሸሻል ብላ ሠግታለች፤ እኔ ደግሞ በዚህ አንቀጽ የሚሸሽ ደንበኛ ቀድሞውኑ ክትትሉን በነጻ የፈለገ ነው ባይ ነኝ።