የእማዬ ቀንድ አውጣዎች

ዛፍ መቁጠር ቀላል ነው፤ ባለበት ቆሞ ይጠብቅሃል። ቀንድ አውጣ ግን ቀን ቅጠል ሥር ተኝቶ ይውልና ሲመሽ ይወጣል። ግቢ ውስጥ ያለውን ሁሉ ልልቀም ብትል ዕድሜህ ያልቃል። ለዚህ የሥነ ምህዳር ሰዎች አንድ ብልሃት አላቸው፦ ያዝ፣ ምልክት አድርግ፣ ልቀቅ፣ ቆይተህ እንደገና ያዝ። በሁለተኛው ዙር ከያዝካቸው ሩብ ያህሉ ምልክት ካላቸው፣ መጀመሪያ ምልክት ያደረግክባቸው የጠቅላላው ሩብ ነበሩ ማለት ነው። ዴንማርካዊው ፒተርሰን እ.ኤ.አ. በ1896 ለዓሣ፣ አሜሪካዊው ሊንከን ደግሞ በ1930 ለዳክዬ ብለው ያወጡት ስሌት ነው። እኔ ለኮርስ ሥራ ቀንድ አውጣ ላይ ልሞክረው ተነሳሁ።

ለምልክት የጥፍር ቀለም ይመከራል። ቶሎ ይደርቃል፣ ዝናብም አያጥበውም። የእህቴን ቀይ ቀለም ተውሼ 40 ቀንድ አውጣዎች ቅርፊት ላይ አንዳንድ ነጥብ አኖርኩ። ብሩሹ ገና ሲነካቸው ቀንዳቸውን ሽምቅቅ ያደርጋሉ። አንዱማ ቀለሙ ሳይደርቅ እጅጌዬ ውስጥ ገብቶ ሸሚዜን አቀለመው። ከዚያ እያንዳንዱን ከተገኘበት ቦታ መለስኩ፤ አንድ ላይ ከተከመሩ ከሌሎቹ ጋር በደንብ አይቀላቀሉም።

ለሁለተኛው ዙር የምፈትሽባቸውን ቦታዎች በዕጣ አወጣሁ። በዓይን ከመረጥክ እጅህ ወደሚመችህ ቦታ ነው የሚሄደው። ዕጣው ግን ምን እንዳደረግኩት እንጃ፣ እየደጋገመ እሾሃማው ቁጥቋጦ ላይ ይጥለኛል። ተቧጭሬ 50 ቀንድ አውጣ ሰበሰብኩ።

ቀለም ያለው? አንድም የለም።

መጀመሪያ ምልክት ያደረግኩባቸው 40 ሲባዛ በሁለተኛው ዙር በያዝኳቸው 50፣ ሲካፈል ከእነሱ ውስጥ ቀለም ላላቸው፣ ማለትም ለዜሮ። ስልኬ «ስህተት» አለኝ። በስሌቱ ከሄድን ግቢያችን ውስጥ ማለቂያ የሌለው ቀንድ አውጣ አለ! ደግነቱ ቻፕማን የሚባል ሰው በ1951 ለዚህ ማስተካከያ አበጅቶለታል፦ በሦስቱም ቁጥሮች ላይ አንድ አንድ ጨምረህ ታሰላለህ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ትቀንሳለህ። ሠራሁት። 2090 መጣ። ለዚህች ግቢ! እግራችንን የምናሳርፍበት ቦታ ባጣን ነበር።

ምሥጢሩ የተገኘው ከእህቴ ልጅ አልጋ ሥር ነው። የተበሳሳ ካርቶን፣ ውስጡ ሰላጣ፣ ሰላጣው ላይ ቀያይ ነጥብ ያላቸው 37 ቀንድ አውጣዎች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«የእማዬ ናቸው። የእማዬን ቀለም ተቀብተዋል።»

ምን ይባላል? ዘዴው የሚሠራው በጥናቱ ጊዜ ማንም ካልገባና ካልወጣ፣ ምልክት ያለውና የሌለውም እኩል የመያዝ ዕድል ካላቸው ነው። መጽሐፉ ስለ ስደት፣ ስለ ውልደት፣ ስለ ሞት ያስጠነቅቃል። ስለ ጠለፋ ግን ትንፍሽ አይልም።

«በይ መልሻቸው» አልኳት። ታዛዥ ልጅ ናት፣ መለሰቻቸው። ሁሉንም አንድ ላይ፣ ቧንቧው አጠገብ፣ እኔ ደግሜ ልቆጥር ስወጣ። ከያዝኳቸው 50ዎቹ 37ቱ ባለቀለም ሆኑ። ስሌቱ 54 አለ። ከ2090 ወደ 54! በዚህ አያያዝ ዝርያው በአደጋ ላይ ነው ብዬ ሪፖርት ልጽፍ ትንሽ ነው የቀረኝ።

እንደ አዲስ ጀመርኩ። አሁን በማይለቅ ማርከር፣ ቅርፊቱ ሥር፣ ከላይ በማይታይ ቦታ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያም እንዲህ ነው የሚሻለው፤ ደማቅ ቀለም ልጅ ብቻ ሳይሆን ወፍም ይጠራል። 45 ምልክት አደረግኩ፣ ቆይቼ 48 ያዝኩ፣ 12ቱ የእኔ ምልክት አላቸው። 180። ይኼ ቢያንስ ለሰው የሚነገር ቁጥር ነው።

የእህቴ ልጅ ወረቀቱን አየችው።

«አጎቴ፣ 180ውንም አየሃቸው?»

«አላየሁም።»

«ማን ቆጠራቸው ታዲያ?»

«ማንም። በስሌት ነው።»

ትንሽ አሰበችና ወደ ቤት ሮጠች። «እማዬ! አጎቴ ሳይቆጥር ነው የጻፈው! ቀለምሽንም የጨረሰው እሱ ነው!»