አሜሪካ ጋራዥ መክፈት ላማራችሁ የጎንደር ልጆች

ሰሞኑን ከአዘዞ የድምፅ መልእክት እየጎረፈልኝ ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ቨርጂኒያ የከፈትነውን ጋራዥ ፎቶ ያየ ሁሉ ይጠይቀኛል። «ወንድሜ፣ እኛስ ምን ይጎድለናል? ሞተር አውርደን እንሰቅል የለ እንዴ?» ይላል አንዱ። ሌላው ደግሞ «እዚያ መኪናው ሁሉ አዲስ ነው፤ ሥራ አለ?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው።

ሥራስ አለ። አሜሪካ መንገድ ላይ ያለው መኪና አማካይ ዕድሜው ከ12 ዓመት በላይ ነው። ችግሩ ሌላ ነው።

እኔ ሙያውን የተማርኩት አዘዞ ነው። ሊማሊሞን ወርዶ ወጥቶ የሚመጣ ኢሱዙ የፍሬን ሸራው መቃጠሉን ገና በር ላይ ሳይደርስ ከሽታው አውቅ ነበር። ያስተማሩኝ ጋሼ ካንዴላ ነቅለው ቀለሙን ያዩና ሞተሩ ዘይት እየበላ ይሁን ቤንዚን በዝቶበት ይነግሩሃል። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞቶሪኖ አልነሳ ሲል አዲስ ግዛ የሚል ሰው አልነበረም። ይፈታል፣ ካርቦኑ ይቀየራል፣ ጠቁሮ የነበረው መዳብ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ይታሻል፣ ግራሶ ይቀባና ይገጠማል። በቃ፣ መኪናው ይነሳል።

እዚህ መጀመሪያ የተቀጠርኩበት ጋራዥ አንዲት ሴት አሮጌ ኮሮላ ይዛ መጣች። ሞቶሪኖው ሞቷል። አዲሱ ዕቃ የሚደርሰው በማግሥቱ ነው ተባለ። ሴትየዋ ልጅ ከትምህርት ቤት ማምጣት አለባት፤ ተጨንቃለች። እኔም ፈትቼ እንደለመድኩት ሠራሁት። በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ። ደስ ብሎኝ ቀና ስል አለቃው ቆሟል። «ማን ፍታው አለህ?» አለኝ። ከዚያ መልሶ አስፈታኝ። ጤነኛውን ሞቶሪኖ ከእጄ ወስዶ አሮጌ ዕቃ የሚጠራቀምበት ሣጥን ውስጥ ወረወረው። በደንበኛዋ ፊት «እዚህ አፍሪካ አይደለም» አለኝ። እሷም በአሮጌ ዕቃ ሊያታልሉኝ ነበር ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። ብዙ ነገር ችያለሁ፤ ያቺን ቀን ግን ዛሬም አልረሳኋትም።

ቆይቶ ነው ያ ሣጥን የት እንደሚሄድ የገባኝ። አሮጌው ሞቶሪኖ ወደ ፋብሪካ ይመለሳል። እዚያ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ካርቦኑና ኩሽኔታው ይቀየራል፣ ተፈትሾ በአዲስ ካርቶን ይታሸጋል። ከዚያ «የታደሰ» ተብሎ ዋስትና ተጽፎለት ተመልሶ ይሸጣል። ደንበኛው አሮጌውን ይመልስ ዘንድ ማስያዣ ይከፍላል። እኛ አዘዞ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን የምንሠራውን ሥራ ነው ፋብሪካው የሚሠራው። ይህን ሳውቅ በጣም ተናደድኩ፤ ከዚያ ደግሞ በሙያዬ ኮራሁ።

እርግጥ ነው፣ እነሱም ምክንያት አላቸው። እዚህ ውዱ ነገር የሰው ሰዓት ነው። እኛ አገር ውዱ ዕቃው ነው፤ በዶላር ተገዝቶ፣ ቀረጥ ተከፍሎበት፣ ስንት እጅ አልፎ ነው ጎንደር የሚደርሰው። ስለዚህ እኛ እንጠግናለን፣ እነሱ ይቀይራሉ። የመካኒኩ ክፍያም በብዙ ጋራዥ እንደ መጽሐፉ ነው፤ ለየሥራው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የተጻፈበት ማለቴ ነው። መጽሐፉ ለአንድ ሥራ 3 ሰዓት ካለ የ3 ሰዓት ይከፈልሃል። ዝጎ የተጣበቀ ብሎን ይዞህ 6 ሰዓት ብትፈጅም ያው 3 ነው። መሣሪያህንም የምትገዛው ራስህ ነህ። የመሣሪያ ሻጩ መኪና በየሳምንቱ በር ላይ ይቆማል፣ በዱቤ ይሰጥሃል። ከዚያ ደመወዝህን ለእሱ ስትከፍል ትከርማለህ። ተጠንቀቁ!

ወረቀቱስ? ኤኤስኢ የሚባል የመካኒኮች የሙያ ፈተና አለ። በሕግ ግዴታ አይደለም፣ ግን ማስተር ለመባል ከኤ1 እስከ ኤ8 ያሉትን ስምንት ፈተናዎች ማለፍ አለብህ፤ በየ5 ዓመቱም ይታደሳል። የመኪና ኤሲ ለመንካት ግን በፌዴራል ሕግ 609 የሚባለው ምስክር ወረቀት የግድ ነው። ቨርጂኒያ ደግሞ እንደ ቦሎአችን ዓመታዊ ምርመራ አላት፤ መርማሪው ፈቃድ የሚያገኘው ከስቴት ፖሊስ ነው። የተቃጠለ ዘይት አገር ቤት ለምስጥ ብለን አጥር እንቀባበታለን። እዚህ በርሜሉ ላይ ምን እንዳለበት ተጽፎ ይቀመጣል፣ መሬት ላይ ከፈሰሰ መዘዙ ብዙ ነው።

እኛ የተነሳነው በዕቁብ ነው። አንዱ ጓደኛችን የደሴ ልጅ ነው፣ ሲያዩት ዝም ያለ፣ የካምቢዮ ነገር ሲነሳ ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚያወራ። የመጀመሪያውን ዕጣ በስምምነት ለጋራዡ አደረግነው፤ መኪና የሚያነሳውን ሊፍት ገዛንበት። ሕጋችን አንድ ነው፦ የሚጠገን ነገር ካለ ለደንበኛው የመጠገኑንም የመቀየሩንም ዋጋ እንነግረዋለን፣ የጠገንነውንም ዋስትና እንሰጥበታለን። ፈረንጁ መጀመሪያ ይጠራጠራል። የብልሽቱን ኮድ ከመኪናው ኮምፒውተር ከሚያነበው ስካነር ላይ ካላየ አያምንም፤ ጆሮ እንደሚሰማ አይገባውም። አንዴ ካመነ ግን ጎረቤቱን ሁሉ ይዞ ይመጣል፣ ሒሳቡንም ዛሬውኑ ይከፍላል። የእኛ ሰው ደግሞ ያበረታል፣ ይመርቃል፣ ምግብ ሳይቀር ይዞ ይመጣል። ሒሳብ ላይ ሲደርስ ግን «ዘመድ አይደለን እንዴ?» ይላል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ኮፈን ከፍቶ የሚጠብቀኝም አለ። ወገኖቼ፣ የጋራዡ ኪራይ ዘመድ የለውም፤ ክፈሉን።

አሁን ለምትጠይቁኝ ልጆች ቁም ነገሩን ልንገራችሁ። በረሃ አቋርጣችሁ፣ ለደላላ ከፍላችሁ ለዚህ ብላችሁ አትውጡ። ለምኜ ነው የምላችሁ። በሕጋዊ መንገድ የምትመጡ ከሆነ ከአሁኑ እንግሊዝኛና ስካነር ማንበብ ልመዱ። ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ እዚህ የተሸጠ የቤት መኪና ሁሉ ስካነሩ የሚሰካበት ኦቢዲ 2 የሚባል ሶኬት አለው፤ ስካነር ማንበብ ካልቻላችሁ ማንም አያናግራችሁም።

አገር ቤት የቀራችሁትም ሰፊ ሥራ ፊታችሁ አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክሏል። ያሉት ያረጃሉ፣ ጥገና ይፈልጋሉ። አዲሶቹ የኤሌክትሪክ ናቸው፤ ባትሪያቸው በብዙዎቹ ከ300 እስከ 400 ቮልት ይደርሳል። ይህ ደግሞ እንደ 12 ቮልቱ ባትሪ በካቻቢቴ ጫፍ የሚሞከር አይደለም፤ ይገድላል። ብርቱካናማ ገመድ ካያችሁ ከፍተኛው ቮልት የሚያልፍበት ነውና እጃችሁን ሰብስቡ። ሳትማሩ አትክፈቱት። ከተማራችሁም በኋላ መጀመሪያ የባትሪውን ከፍተኛ ቮልት የሚያቋርጠውን ሰርቪስ ፕለግ ንቀሉ፣ ማኑዋሉ ያለውን ደቂቃ ጠብቁ፣ ቮልቱ መጥፋቱን በሜትር ለኩ። ጓንቱም 1000 ቮልት የሚችለው፣ ክላስ 0 የሚባለው ይሁን። ከመልበሳችሁ በፊት አየር ሞልታችሁ ቀዳዳ እንደሌለው እዩ።