ከከተራ ማታ እስከ ገብርኤል

ይህን የምጽፈው እናቴ ስላዘዘችኝ ነው። ስለቷ ነው። «ልጄን ብታወጣልኝ ለሰው ሁሉ አስመሰክራለሁ» ብላ ለቅዱስ ገብርኤል ተስላ ነበር። እሷ መጻፍ ስለማይሆንላት ዕዳው ወደ እኔ ዞረ።

በ2017 ዓ.ም. ከተራ ቅዳሜ ዋለ፤ ጥር 10። ታናሽ ወንድሜ ታቦት ሸኝቶ ሲመለስ ከአንድ አብሮ አደጉ ጋር ተጣላ። የጠቡ መነሻ የማይረባ ነገር ነው፤ ያልተመለሰ ብድርና አንድ ሁለት ስድብ። ወንድሜ ገፈተረው። ልጁ ወደ ኋላ ወደቀና ጭንቅላቱ ከመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ጋር ተጋጨ። «ወንድሜ እጁ የለበትም» ብዬ ብጽፍ እዋሻለሁ። ገፍትሮታል። ልጁ ሆስፒታል ገባ፣ የኛው ፖሊስ ጣቢያ።

በማግስቱ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ወደ ጃን ሜዳ ሲወርድ እኔ ምሳ ዕቃ ይዤ ወደ ጣቢያ ሄድኩ። እማዬ ለበዓሉ የሠራችውን ዶሮ ነው የያዝኩት። በር ላይ ያለው ጥበቃ ክዳኑን አስከፈተኝና «ቅመሺው» አለኝ። መቅመስ ግዴታ መሆኑን አላውቅም ነበር። እንጀራውን ቆረስኩ፣ ወጡን ነካ አደረግሁ፣ በጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ። ጥበቃው አዝኖ ነው መሰለኝ ፊቱን አዞረልኝ። ከሰዓት ምሳ ዕቃውን ልወስድ ስመለስ እንቁላሉ እንኳ አልተነካም።

ሰኞ፣ 48 ሰዓት ሳይሞላ፣ ፍርድ ቤት አቀረቡት። መርማሪው «በነፍስ ግድያ ሙከራ ጠርጥረነዋል፤ ተጎጂው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው፤ የምስክር ቃል ተቀብለን አልጨረስንም» ብሎ 14 ቀን ጠየቀ። ዳኛዋ ሰባት ቀን ፈቀደች። እኔ ጅሏ «ሰባት ቀን ተፈረደበት፣ እሱስ ያልፋል» ብዬ ተጽናናሁ። ጊዜ ቀጠሮ የሚባል፣ ፖሊስ ምርመራውን እስኪጨርስ የሚሰጠው ቀን መሆኑን ሰምቼ አላውቅማ! ገና ምርመራው መጀመሩ ነበር።

ከግቢው ስወጣ አንድ ሽክ ያለ ሰው ተከተለኝ። «እህቴ፣ አይዞሽ። ዳኛዋን አውቃታለሁ። 40 ሺህ ብር ካለሽ ነገ ማታ ቤቱ ያድራል።» እውነቱን ልናገር፣ ስልኬን አውጥቼ ሒሳቤን ማየት ጀምሬ ነበር። እጄ ይንቀጠቀጣል። በሆዴ «ገብርኤል፣ ሰው ላክልኝ» አልኩ። ከዚህ የረዘመ ጸሎት አልወጣኝም።

ከመንገዱ ማዶ ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት አለች። «አንቺ ልጅ! ነይ ቡናሽ ቀዘቀዘ!» ብላ ጮኸችብኝ። ቡና አላዘዝኩም። ስጠጋት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጠበቃ ከሆነ ፈቃዱን ያሳይሽ» አለችኝ። ተመልሼ «የጥብቅና ፈቃድዎን ማየት እችላለሁ?» አልኩት። «ቢሮ ረሳሁት» አለ፤ ሊያመጣ እንደሄደ ነው እስካሁን። እንዲህ ያለውን ጉዳይ ገዳይ ይሉታል አሉ። ቡና አፍይዋ ግን ሥራዋን አልጨረሰችም። ሲኒ ይዛ ፋይል የምታገላብጥ አንዲት ሴት በአገጯ አሳየችኝ። «እሷን አናግሪ። ስትዋሽ አልሰማኋትም።» የጠየቅሁት ሰው ባለ ክንፍ ይሁን አይሁን አልወሰንኩም ነበር። ባለ ረከቦት ላከልኝ።

ጠበቃዋ ሳልጠይቃት የታደሰ ፈቃዷን አወጣች። ዋጋዋን ነገረችኝ፣ በሦስት ጊዜ እንድከፍል ተስማማን፣ ውሉን በጽሑፍ አደረግነው። «አቅሙ ከሌላችሁ ክስ ሲመሠረት መንግሥት የሚመድበው ተከላካይ ጠበቃ አለ፤ እኔን ለመያዝ ቤት አትሽጡ» ማለቷ ነው ልቤን ያሳረፈው።

«ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም?» ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ሌላ ጠየቀችኝ።

«ልጁ እንዴት ነው?»

«የትኛው ልጅ?» አልኳት። ይህን ሳስታውስ ዛሬም አፍራለሁ።

ያኔ አስረዳችኝ። ዋስትና መብት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ አለ። ግን ሕግ የሚከለክልበት ሁኔታ አለ። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 ሁለት ነገር ያያል፤ ወንጀሉ የሞት ቅጣት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ያስቀጣል ወይ? የተጎዳውስ ሰው ሊሞት ይችላል ወይ? «የግድያ ሙከራ ብለው ከያዙት ቅጣቱ ከባድ ነው። ስለዚህ የወንድምሽ ዋስትና ያለው እዚያ አልጋ ላይ ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀጥሎ ዳኛዋ የምታየው ሌላ ነው፤ ቢለቀቅ ይጠፋል? ሌላ ወንጀል ይሠራል? ምስክር ያባብላል? ቢከለከልም በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ይህንኑ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። እስከዚያ ማታ ድረስ ጸሎቷ «ልጄን፣ ልጄን» ነበር። ከዚያ በኋላ ሌሊት ስነቃ የምሰማው ሌላ ሆነ። «የዚያችን እናት ልጅ ማርላት» ትላለች። ስሙን ስለምታውቀው በስሙ ትጠራዋለች። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቤታችን ገብቶ የበላ ልጅ ነው። ለዋስትናው ብላ ነው ብዬ ነበር መጀመሪያ። አይደለም። የራሷን ልጅ ስም መጥራት ትታ ነበር።

ጎረቤት ደግሞ ምክር አያጣም። «ያዩትን ልጆች አናግሯቸው፣ ትንሽ ያለሳልሱት» አሉን። ጠበቃዋ ስትሰማ ተቆጣች። «ምስክር ከሚባል ሰው አጠገብ እንዳትደርሱ! ዋስትና የምታስከለክሉት እናንተው ትሆናላችሁ።» ወንድሜንም ጣቢያ ሄዳ አነጋገረችው። ያለመናገር መብት እንዳለው የሰማው ከእሷ ነው።

ሐሙስ ማታ አንዲት ጎረቤት እየሮጠች መጣች። ልጁ ዓይኑን ገልጧል፣ እናቱን ጠርቷል። እማዬ የያዘችውን ሰፌድ ጣለችና እልል አለች። ሦስቴ። የግቢው ሰው ልጇ የተፈታ መስሎት እንኳን ደስ አላችሁ ሊል ግልብጥ ብሎ መጣ። የእኛው ግን እዚያው ጣቢያ ሲሚንቶ ላይ ነበር።

ሰኞ ጥር 19፣ የገብርኤል ዕለት፣ ችሎት ገባን። መርማሪው እንደገና 14 ቀን ጠየቀ። ጠበቃዋ ረጅም ንግግር አላደረገችም። የምስክሮች ቃል ተወስዷል፤ ተጠርጣሪው ቋሚ አድራሻና ሥራ አለው፤ የሐኪሙ ማስረጃ ተጎጂው ከሞት አደጋ መውጣቱን ይናገራል። ዳኛዋ ወረቀቱን ቀስ ብላ አነበበች። በ20 ሺህ ብር ዋስ እንዲወጣ አዘዘች። እኔ የመታወቂያ ዋስ ይበቃል ብዬ ነበር። በዚህ ክስ? አለችኝ ጠበቃዋ፣ እየሳቀች።

ሮጬ ብሩን ይዤ ስደርስ የገንዘብ መክፈያው መስኮት ተዘግቷል። እንግዲህ አንድ ሌሊት ተጨመረ። ማክሰኞ ጠዋት ከፍለን፣ የመፍቻ ትዕዛዙን ለጣቢያ አድርሰን፣ ስድስት ሰዓት ላይ ወጣ። ቀኑ 20 ነው ስላት እማዬ ትቆጣኛለች። «ትዕዛዙ የወጣው በ19 ነው። ገንዘብ ያዥዋ ለዘገየችው ገብርኤል ምን ያድርግ?»

የመጀመሪያው ቀን ጥበቃ በር ላይ ነበር። ባዶውን ምሳ ዕቃ ሲያቀብለኝ «ዛሬ አትቀምሺም» አለኝ።

ጉዳዩ አላለቀም። ዋስ ማለት ነጻ ወጣ ማለት አይደለም፤ ቀጠሮ ሲኖር ይቀርባል፣ ከቀረ ብሩ ለመንግሥት ገቢ ይሆናል፣ እሱም ተመልሶ ይታሰራል። ካልቀረ መጨረሻ ላይ ብሩ ይመለሳል። የ20 ሺህ ብሩ ደረሰኝ እማዬ ዳዊት ውስጥ ነው ያለው። ሁለት ጊዜ ደህና ቦታ ላስቀምጠው ብዬ አውጥቼው፣ ሁለቱንም ጊዜ መልሳ ከተተችው።