ፈንግል ከገባ በኋላ ዶሮ አትከትቡ

ዶሮዎቹን የገደላቸው ክትባቱ አይደለም። ግን ከተብኳቸው፣ ሞቱ። ይህን ለባለቤቶቹ ማስረዳት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። የፈንግል ክትባት ሥራው ራሱ ቀላል ነው። ከቢሾፍቱ የመጣውን መድኃኒት በበረዶ ሳጥን ትይዛለህ፣ ትበጠብጣለህ፣ ዓይኗ ላይ አንድ ጠብታ፣ አለቀ።

ያን ዓመት ክትባቱን መጋቢት ላይ ጠየቅኩ። የደረሰኝ ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ነው። ፈንግል የሚነሳውም በዚያው ሰሞን ነው። ታችኛው መንደር ዶሮ መሞት መጀመሩን ሰምቼ ነበር። ለአለቆቼ ስነግር «ዕቅዱን ጨርስ» ተባልኩ። እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ፈንግል የያዛት ዶሮ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ስድስት ቀን ደህና መስላ ትቆያለች። ክትባቱ ደግሞ በደንብ እስኪይዝ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። የከተብኳቸው ብዙዎቹ በሽታው ገብቶባቸው ነበር። ይህን ቀድሜ ለማንም አልተናገርኩም።

በአራተኛው ቀን አንዲት እናት ደጅ ደረስኩ። ከአሥራ አንዱ ዶሮዎቻቸው ሰባቱ ሞተው ማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተደርድረዋል። አንዷ አንገቷ ተጠምዞ ትሽከረከራለች። «ዶክተር፣ የልጄን ደብተር መግዣ ነው የገደልክብኝ» አሉኝ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

በዓመቱ ስመለስ ሴቶቹ ዶሮ ይደብቁኝ ጀመር። ሪፖርቱ ላይ «የግንዛቤ ችግር» ተብሎ ተጻፈ። የምን የግንዛቤ ችግር? በዓይናቸው ያዩትን ነው ያመኑት!

አስተምር የሚባለው በቀበሌ ስብሰባ ነው። እኔ ትቼዋለሁ። ስብሰባ የሚመጣው አባወራው ነው፣ ዶሮዋ ግን የሴቷ ናት። እኚያ እናት ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ቡና እየጠጣን ቀኖቹን በጣቴ ቆጥሬ አስረዳኋቸው። አሁን የምከትበው ሚያዝያ ላይ፣ ንጋት፣ ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ ነው። በሽታ የገባበት መንደር ውስጥ ግን ማንም ቢቆጣ አልከትብም። «በሁለት ሳምንት ውስጥ የሞተች ካለች ደውሉልኝ» ብዬ ስልኬን እሰጣለሁ።

የተበጠበጠ ክትባት ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ጎረቤት አብሮ መዘጋጀት አለበት። ባለፈው ሚያዝያ ጎረቤቶቹን የቀሰቀሱልኝ እኚያው እናት ናቸው። አንዲት ቄብ ታቅፈው መጡና «ልጄ፣ መጀመሪያ ለዚች ጠብ አድርግላት» አሉኝ።