አረቄ ቤታችን እንጨት የቀነሰበት መንገድ፣ የቀረውንም እንዴት እያካካስን እንደሆነ

ደብረ ብርሃን ላይ አረቄ አውጥቶ መሸጥ የብዙ ቤት መተዳደሪያ ነው። እኔም ሙያውን ከእናቴ ነው የተማርኩት፤ ዛሬም አብረን ነው የምንሠራው። ምድርን ስለሚያሞቀው ካርቦን እንዳስብ ያደረገኝ የእንጨቱ ነገር ነው። ዋጋው በየጊዜው ይጨምራል፤ ጭሱ ደግሞ የእናቴን ዓይን እየጎዳው ነበር። እንጨት መቀነስ ለኪሳችንም፣ ለዓይኗም፣ ለአገሩም እንደሚበጅ ሲገባኝ ነገሩን የምሬን ያዝኩት።

መጀመሪያ ካርቦኑ ከየት ከየት እንደሚወጣ ለየሁ። ድፍድፉ፣ ማለትም አረቄው የሚወጣበት የእህል ብጥብጥ፣ ሲብላላ ጋዝ ያወጣል። 180 ግራም ግሉኮስ (የእህሉ ስኳር) ወደ 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል። ይሄ ግን ገብሱ ባለፈው ክረምት ከአየር የወሰደው ነው፤ የዘንድሮው ቡቃያ መልሶ ይወስደዋል። ስለዚህ ከሒሳቤ አወጣሁት። ዋናው እሳቱ ነው። የደረቅ እንጨት ግማሽ ክብደት ካርቦን ነው። ካርቦኑ ሲነድ ከኦክስጅን ጋር ስለሚዋሃድ አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት 1.8 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ሚዛን ገዛሁ። እንጨት ሳይመዘንና ደብተር ላይ ሳይጻፍ እሳት ውስጥ አይገባም።

ከዚያ እንጨቱ ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ጀመርኩ። የሚያመጡልንን አባት፣ «አባባ፣ ይሄ ከየት ነው የተቆረጠው?» አልኳቸው። «ከራሴ ባህር ዛፍ ነው ልጄ፤ ከጉቶው መልሶ ይበቅላል» አሉኝ። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ባህር ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው ሲያቆጠቁጥ የወጣውን ካርቦን ቀስ እያለ ይመልሳል። ከተፈጥሮ ደን የተቆረጠ ጽድ ወይም ወይራ ግን በእኛ ዕድሜ አይተካም። አሁን ከእሳቸውና እንደሳቸው ተክለው ከሚቆርጡ ሰዎች ብቻ ነው የምንገዛው። ኩበትም ትተናል፤ ኩበት ማሳ ላይ ቢቀር ማዳበሪያ ነው።

ትልቁ ቅናሽ የመጣው ከምድጃው ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በሦስት ጉልቻ ነው የሠራችው። በሦስት ጉልቻ እሳቱ በየጎኑ ያመልጣል። ግንበኛ ጠርተን ድስቱን እስከ ወገቡ የሚያቅፍ የጡብና የጭቃ ምድጃ ሠራን። አንድ የእንጨት መግቢያ አለው፣ ከኋላ የጭስ መውጫ። እንጨቱንም ቀድመን ፈልጠን በዳስ ሥር እናደርቃለን። እርጥብ እንጨት ከሙቀቱ የተወሰነውን የራሱን ውሃ ለማትነን ያጠፋዋል። በደብተራችን መሠረት ለአንድ ዙር አረቄ ማውጫ የምናነደው እንጨት ወደ ግማሽ ወርዷል። እናቴም እያለቀሰች መሥራት ቀረላት፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምደሰተው በዚህ ነው።

ቀጥሎ ያየሁት የማቀዝቀዣውን ገንዳ ነው። እንፋሎቱ በቧንቧው ወርዶ፣ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው መቀበያ ውስጥ አረቄ ይሆናል። ገንዳው ላይ እጄን ስከት ውሃው ይፋጃል። ውሃ እዚህ ከፍታ ላይ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አንድ ሊትር ውሃን ከ15 ዲግሪ እዚያ ለማድረስ 300 ኪሎጁል ያህል ይበቃል፤ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን ከ2,200 በላይ ይፈልጋል። ያ ሁሉ ሙቀት ተመልሶ የሚወጣው ገንዳው ውስጥ ነው። ድሮ ውሃውን ደጅ እንደፋው ነበር። አሁን የሚቀጥለውን ድፍድፍ የያዘ ማሰሮ ገንዳው ውስጥ እናስቀምጣለን። እሳት ላይ ሲወጣ ሞቆ ነው። የተረፈው ውሃ ለዕቃ ማጠቢያ ይሆናል።

ቧንቧው ድስቱን የሚነካበትን ቦታ በሊጥ መድፈንም ትልቅ ነገር ነው። ሊጡ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የሚያመልጠው እንፋሎት አረቄም እንጨትም ነው። እናቴ ጆሮዋን አስጠግታ «እስስስ» የሚል ድምፅ ታዳምጣለች፤ ከሰማች እርጥብ ሊጥ ትለጥፋለች። እኔ እሳቱን ነው የምጠብቀው። እሳት ሲበዛ ድፍድፉ ያርራል፣ አረቄው ጭስ ጭስ ይላል።

ለድፍድፉ የሚገባውን ቂጣ ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ አዛውረነዋል። የአገራችን መብራት ከሞላ ጎደል የውሃ ኃይል ነው፤ 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው ህዳሴ ግድብም በጳጉሜ 2017 ተመርቋል። አረቄውን ራሱን በመብራት ማውጣት ግን አልደፈርንም። ግማሽ ላይ መብራት ከሄደ ሙሉው ማውጫ ይበላሻል። ደንበኞች ጄሪካናቸውንና ጠርሙሳቸውን ይዘው እንዲመጡም አስለምደናል።

አተላውን በግ ለሚያደልቡ ጎረቤቶች እንሰጣለን። ጉድጓድ ውስጥ አየር አጥቶ ቢበሰብስ ሚቴን ያወጣል፤ ሚቴን ደግሞ በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ያሞቃል።

ማካካሻውን የጀመርነው ይሄ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ለእኔ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ምድጃው እንደ ድሮው እየፈጀ ችግኝ መትከል ሕሊናን ከማስታገስ አያልፍም። ሒሳባችን ቀላል ነው፤ የነደደውን ያህል ኪሎ እንጨት ቆሞ መቅረት አለበት። ለማገዶ ያሰብነውን ባህር ዛፍ እንደ ማካካሻ አንቆጥርም፤ ነገ ይቆረጣላ። የምንቆጥረው ማንም እንዳይነካቸው በቤተሰብ የተማማልንባቸውን ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ ነው። ወፍ ዋሻ ደን ያሉት አገር በቀሎች እነዚህ ናቸው፤ ለደጋችን እንግዳ አይደሉም። የሚያድጉት ቀስ ብለው ስለሆነ የዘንድሮው ጭስ የሚካካሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያንን ደብተሩ ላይ «ዕዳ» ብለን እንጽፈዋለን።

ከተከላው ይልቅ የሚከብደው ጥበቃው ነው። በህዳርና በታህሳስ ውርጩ ለጋውን ችግኝ ያቃጥለዋል፤ ስለዚህ ማታ ማታ በሳር እንሸፍናለን። ከብት እንዳይገባም በእሾህ አጥረናል። የመንዝ ሰው የጓሳን ሳር በጋራ ሕጉ ለዘመናት ጠብቆ እዚህ ማድረሱን ሳስብ የእኛ ትንሽ አጥር ትልቅ ሥራ አይመስለኝም።

ቀጣዩ ሐሳባችን ባዮጋዝ ነው፤ ፋንድያና አተላ በተዘጋ ጉድጓድ ሲብላላ የሚወጣውን ጋዝ ይዞ ማንደድ ማለት ነው። የጎረቤቶቻችን ፋንድያ ከአተላው ጋር ተደባልቆ የቡና ማፍያችንን እሳት ቢተካ ደስ ይለናል። ችግሩ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው፤ ጋዙን የሚፈጥሩት ተህዋስያን ሙቀት ይወዳሉ። ስለዚህ ጉድጓዱን ከማቀዝቀዣው ገንዳ አጠገብ ለማስቆፈር አስበናል። ፋንድያው በገንዳው ሙቅ ውሃ ይበጠበጣል።