ለኩዊልት ስንት ያርድ ጨርቅ እንደሚበቃ እንዴት እንዳሰላሁት

ኩዊልት ማለት ላዩ ከጨርቅ ቁርጥራጭ የተገጣጠመ፣ መሃሉ ሙሌት፣ ስሩ ገበር ያለው፣ ሦስቱ አንድ ላይ የሚሰፋ የአልጋ ልብስ ነው። እዚ ሜሪላንድ ጨርቅ ቤት ገብታችሁ ጥቅሉን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡ ሰራተኛዋ መጀመሪያ ምትጠይቃችሁ "ስንት ያርድ ልቁረጥ?" ብላ ነው። መልሱን ይዞ መሄድ በጣም ወሳኝ ነው፣ ምክንያቱም ጥሩው የኩዊልት ጥጥ ያርዱ ከ10 ዶላር በላይ ነው፣ ካነሰባችሁ ደግሞ ተመልሳችሁ ያንኑ ጨርቅ ላታገኙት ትችላላችሁ፣ አበባው አንዴ ታትሞ ካለቀ አለቀ፣ ቢገኝም ሌላ ጊዜ የተቀለመ ስለሚሆን ከመጀመሪያው ጋር ጎን ለጎን ሲሰፋ ልዩነቱ ያስታውቃል። ለእህቴ አልጋ የሰራሁትን ከነሂሳቡ ልንገራችሁ።

አልጋዋ ኩዊን ነው፣ ፍራሹ 60 በ80 ኢንች። በሁለቱም ጎን 15 15 ኢንች እንዲወርድ ፈለግኩ፣ በእግር በኩል 16፣ በራስጌ በኩል ምንም፣ ስለዚ 90 በ96 ሆነ። ከዛ ባለካሬ ወረቀት ላይ ሳልኩት፣ መሃሉ 6 ኢንች በ6 ኢንች በሆኑ ካሬዎች፣ ወደጎን 13 ወደታች 14፣ ዙሪያውን 6 ኢንች ቦርደር። ሲባዛ 182 ካሬ፣ በ4 አይነት ጨርቅ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 46 ገደማ።

አሁን ዋናው ነገር። ብዙ ሰው ሚያስበው የኩዊልቱን ስፋት በቁመት አባዝቶ ለአንድ ያርድ ጨርቅ ማካፈል ነው። እንደዛ ካሰላችሁት ለላዩ 6 ያርድ እንኳ አይሞላም ይላችኋል፣ በእውነቱ ግን ከ8 በላይ ያስፈልጋል። ጨርቁ የት ሄደ ብትሉ አንደኛ ስፌት ውስጥ ነው የገባው። በእያንዳንዱ ጎን ሩብ ኢንች ለስፌት ይተዋል፣ ስለዚ ተሰፍቶ 6 እንዲሆን ሲቆረጥ 6 ተኩል ነው መሆን ያለበት፣ ትንሽ ይመስላል ግን በካሬ ሲሰላ ከመቶ 17 ተጨማሪ ጨርቅ ነው። ካሬው 3 ኢንች ቢሆን ኖሮ ከመቶ 36 ይደርሳል፣ ማለትም ቁርጥራጩ ባነሰ ቁጥር ጨርቁን ስፌት ይበላዋል፣ ደቃቅ ዲዛይን የምትወዱ ይሄን አስቡበት።

ሁለተኛው የጨርቁ ወርድ ነው። ጥቅሉ ላይ 44 ወይም 45 ኢንች ተብሎ ይጻፋል፣ ግን ዳርና ዳር ያለው ወፍራም ጠርዝ ተቆርጦ፣ ታጥቦም ትንሽ ሲሰበሰብ፣ እኔ 42 ብቻ ብዬ ነው ምይዘው። ከዛ ስንት ካሬ በአንድ ስትሪፕ፣ ማለትም ከዳር እስከ ዳር በሚቆረጥ አንድ ረጅም ቁራጭ፣ ይወጣል ብዬ እጠይቃለሁ፣ 42ን ለ6 ተኩል ሳካፍል 6 ይወጣና 3 ኢንች ትራፊ ይቀራል፣ ያ 3 ኢንች ለካሬ አይሆንም፣ በየስትሪፑ ይባክናል። 46 ካሬ ለ6 ሲካፈል 7 ነጥብ ምናምን ነው፣ ሰባት ነጥብ ምናምን ስትሪፕ ሚባል ነገር ግን የለም፣ 8 ነው። 8 ስትሪፕ በ6 ተኩል 52 ኢንች፣ 1 ያርድ 36 ኢንች ስለሆነ 1 ከግማሽ ያርድ ሊበቃ ይመስላል ግን የሚተርፈው 2 ኢንች ብቻ ነው። ጥጥ ሲታጠብ ከመቶ ከ3 እስከ 5 ሊሰበሰብ ይችላል፣ ጨርቅ ቤትም ሲቆረጥ ሁሌ ቀጥ ብሎ አይቆረጥም፣ ስለዚ ከየአይነቱ 1 ያርድ ከሦስት ሩብ ገዛሁ፣ በጠቅላላ 7 ያርድ። ማጠጋጋት ያለባችሁ በየደረጃው ነው፣ ካሬው ላይ፣ ስትሪፑ ላይ፣ ያርዱ ላይ፣ ሁሌም ወደ ላይ። መጨረሻ ላይ አንዴ ላጠጋጋ ካላችሁ ያንሳችኋል።

ካሬውን 7 ኢንች አርጎ መቁረጥስ? 42 ለ7 ልክ 6 ነው፣ ምንም አይባክንም። አስቤበት ነበር፣ ግን ጨርቁ ታጥቦ 41 ተኩል ቢወጣ ከስትሪፑ 5 ብቻ ነው ሚወጣው፣ ስለዚ ያቺን ትራፊ መታገስ ይሻላል።

ቦርደሩ ላይ ያገኘሁት ነገር በጣም ነው ደስ ያለኝ። ወደ ወርዱ ከተቆረጠ 9 ስትሪፕ ያስፈልጋል፣ ከነመሰብሰቡ 1 ያርድ ከሦስት ሩብ፣ ግን መሃል መሃሉ ላይ መገጣጠሚያ ይኖረዋል። ባይንዲንጉ ማለትም ዳር ዳሩን ሚጠቀልለው ደግሞ 2 ኢንች ተኩል ስፋት ያለው 10 ስትሪፕ፣ ሦስት ሩብ ያርድ። ድምር 2 ተኩል። ከዛ በቁመቱ ብቆርጠውስ ብዬ ሳሰላው 2 ያርድ ከሦስት ሩብ ማለት 99 ኢንች ነው፣ የጎንና ጎኑ ቦርደር መጀመሪያ ስለሚሰፋ 84 ነው፣ ረጅሙ የራስጌና የግርጌው 90 ስለሆነ ከነመሰብሰቡ ይበቃል፣ አራቱ ቦርደር ጎን ለጎን ሲቆረጡ 26 ኢንች ወርድ ይይዛሉ፣ 16 ይቀራል፣ እና ከዛ 16 ውስጥ ባይንዲንጉ ሙሉ በሙሉ ይወጣል! ሩብ ያርድ ብቻ ጨምሬ ቦርደሩ ያለ አንድ መገጣጠሚያ ወጣልኝ፣ ይሄን ያገኘሁት ወረቀት ላይ ስለሳልኩት ነው።

ገበሩን በተመለከተ፣ ከላዩ በየጎኑ 4 ኢንች መብለጥ አለበት፣ ሦስቱ ድርብ አንድ ላይ ሲሰፋ ስለሚሳሳብ፣ ስለዚ 98 በ104። በተራው ጨርቅ ሦስት ቅጥል ነው፣ ከ8 ያርድ በላይ ይፈጃል። 108 ኢንች ወርድ ያለው ለገበር ተብሎ የሚሸጥ ጨርቅ ግን አለ፣ ያርዱ ይወደዳል፣ ሆኖም 3 ያርድ ከሩብ ብቻ በቃኝ፣ ቅጥልም የለውም። ለትልቅ አልጋ ምትሰሩ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። መሃል የሚገባው ባቲንግ ላይ ደግሞ ኩዊን የሚለውን ጽሁፍ አትመኑ፣ በብዛት 90 በ108 ነው ታሽጎ ሚሸጠው፣ ለኔ ወርዱ ስለማይበቃ ከሱ የሚበልጠውን ኪንግ ነው የገዛሁት።

እንግዲህ ጨርቁ በድምሩ 13 ያርድ ሆነ። አዲስ አበባ ሆናችሁ ምትሰሩ ደግሞ ሂሳቡ ያው ነው፣ ያርዱን ወደ ሜትር ለመቀየር ግን አትድከሙ፣ ወርዱ ስለሚለይ ቁጥሩ ያሳስታችኋል፣ ከመጀመሪያው በሴንቲ አስሉት። 1 ሜትር ከ50 ወርድ ባለው ጨርቅ፣ ካሬው ተሰፍቶ 15 ሴንቲ እንዲሆን 16 ተኩል ከተቆረጠ፣ ጠርዙና መሰብሰቡ ሲቀነስ በአንድ ስትሪፕ 8 ይወጣል፣ ለ46 ካሬ 6 ስትሪፕ ነው፣ 99 ሴንቲ፣ 1 ሜትር ከ10 አስቆርጡ። ወርዱን ግን ባለሱቁ በነገራችሁ ሳይሆን ጨርቁን ዘርግታችሁ በራሳችሁ ሜትር ለኩት።